የሚዘምረው ሞተር

ፒያሳ መብራት ሲጠፋ የየሱቁ ጄኔሬተር ባንድ ጊዜ ይነሳና ሰው አፍንጫውን ይዞ ይሸሻል። እኔ እቆማለሁ። ባለፈው ነሐሴ አንድ ማለዳ ዝናብ እያካፋ ከአንድ ዳቦ ቤት በር ላይ ተገትሬ፣ ጃንጥላዬን መዘርጋት እንኳ ረስቼ ጭሱን ስምግ፣ ባለቤቱ ብቅ ብሎ "እናት፣ አመመዎት እንዴ?" አለኝ። ምንም አላመመኝም። ብርድና ናፍጣ አንድ ላይ ሲሸቱኝ የዘጠኝ ዓመት ልጅ እሆናለሁ፤ ጣቶቼ በከሰል ይጠቁራሉ፤ ጋሽ ዳንጊሶ ከኋላዬ ቆመው "አራግቢ እንጂ ልጄ፣ አራግቢ! እሷ ብርድ አትወድም" ይሉኛል። ይህን ሁሉ ለባለ ዳቦ ቤቱ በምን አፌ ላስረዳው? "ደህና ነኝ" ብዬው ሄድኩ።

ያኔ ከተማችንን አዋሳ ነበር የምንላት። ዘመኑ የደርግ ነው። እናቴ ወደ ቱላ በሚወስደው መንገድ ዳር በነበረ የመንግሥት የጫጩት ማስፈልፈያ ውስጥ ትሠራ ነበር። ሥራዋ በማሽኑ ውስጥ የተደረደሩትን እንቁላሎች ቀኑን ሙሉ እየዞሩ ማገላበጥ ነው። ዶሮ በመንቁሯ የምታደርገውን እናቴ በእጇ ታደርጋለች፤ ልዩነቱ ዶሮዋ ከሥራ በኋላ ስብሰባ የለባትም። አባቴ ወታደር ነበር፣ ሰሜን። ክረምት በመሆኑ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ ቤት የሚጠብቀኝ ሰው ስለሌለ እናቴ ገና ሳይነጋጋ በጋቢ ጠቅልላ ይዛኝ ትወጣለች። አዋሳ ሞቃት ናት የሚል ሰው በሐምሌ ንጋት፣ ከሐይቁ በሚነሳው ጉም ውስጥ፣ በእርጥብ የላስቲክ ጫማ ሄዶ አያውቅም ማለት ነው። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ የሐይቅ ወፎች እንኳ ያን የሚያህል አካላቸውን ይዘው አጥሩ ላይ አንገታቸውን ቀብረው ይቆሙ ነበር።

እንቁላል ብርድ አይችልም። የከተማው መብራት ደግሞ በክረምት ንጋት ላይ ወይ ይጠፋል፣ ወይ አምፖሉ ቀልቶ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ እስከ ረፋዱ ድረስ ማሽኑን የሚያሞቀው ከእንቁላል ቤቱ ጎን በቆርቆሮ ቤት ውስጥ የተቀመጠው የናፍጣ ጄኔሬተር ነው። ሁላችንም "ሞተሩ" ነበር የምንለው። አርጅቷል። አንዴ ከሞቀ ግቢውን እያንቀጠቀጠ ይሠራል፤ ከቀዘቀዘ ግን እሱን ማስነሳት ያኮረፈ ሽማግሌ ከመለመን አይተናነስም። የሞተሩ ሰው ጋሽ ዳንጊሶ ነበሩ፤ እሳቸው ግን "እሷ" ነበር የሚሏት።

መጀመሪያ ያየኋቸው ቀን ሕፃን ይዘው የመጡ መስሎኝ ነበር። በብስክሌት ነው የመጡት። ከኋላ መቀመጫው ላይ በግራጫ ብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር በጎማ ገመድ ታስሯል። ወርደው ገመዱን ቀስ ብለው ፈቱ፤ ጥቅሉን ደረታቸው ላይ አቅፈው፣ ዝናብ እንዳይነካው ጎንበስ ብለው ወደ ቆርቆሮው ቤት ገቡ። ተከትያቸው ገባሁና ሕፃኑ እስኪያለቅስ ጠበቅሁ። ብርድ ልብሱ ሲገለጥ ግን የመኪና ባትሪ ነው።

"ልጁስ?" አልኳቸው።

"የቱ ልጅ?"

"ይዘውት የመጡት።"

ባትሪውን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ ትከሻቸው እስኪነቀነቅ ሳቁ። ጋሽ ዳንጊሶ ሲስቁ ድምፅ የላቸውም፤ ትከሻቸው ብቻ ነው የሚስቀው። "ልጁ እሱ ነው" አሉኝ። "ሌሊት ብርድ ካገኘው ጠዋት ጉልበት የለውም። እኔ ቤት ነው የሚያድረው፣ እሳት አጠገብ። ሚስቴ ትቆጣለች፤ እሱ ግን አይሰማም።" አማርኛን ካደጉ በኋላ ነው የተማሩት፤ የአፍ መፍቻቸው ሲዳምኛ ነው። ስለዚህ ቃል አያባክኑም፣ የሚናገሩትም ሁሉ በደንብ ታስቦበት የተባለ ይመስለኝ ነበር። በዚያው ጠዋት ወደድኳቸው።

ሞተሩን ማስነሳት ሥርዓት ነበረው። ጋሽ ዳንጊሶ ሥራ ሲያበቃ ዘይቱን በቆርቆሮ ቀድተው ያስቀምጡና ጠዋት ከሰል ላይ አሙቀው መልሰው ያፈሱለታል። ከዚያ የፈላ ውሃ ወደ ራዲያተሩ ይገባል። ናፍጣው ከበርሜል ሲቀዳ በአሮጌ የሱፍ ባርኔጣቸው ውስጥ ይጣራል፤ በክረምት ውሃ ይቀላቀልበታላ። በመጨረሻ በሽቦ ላይ የተጠመጠመ ጨርቅ ናፍጣ ነክረው ይለኩሱና ሞተሩ አየር በሚስብበት አፍ አጠገብ ይይዙታል፤ የሞቀ አየር እንዲተነፍስ ነው። ባትሪው ሲነካ "ግር... ግር... ግር..." ይላል። አንዳንድ ቀን በዚያው ያበቃና ሁሉም ነገር ከከሰሉ እንደገና ይጀመራል። የተሳካ ቀን ነጭ ጭስ ይተፋና፣ ያስላል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ድንገት ቆርቆሮው ሁሉ መዝለል ይጀምራል። የእኔ ሥራ ከሰሉን በካርቶን ቁራጭ ማራገብ ነበር። ማንም አላዘዘኝም፤ አንድ ቀን ካርቶኑን አነሳሁ፣ ከዚያ በኋላ ካርቶኑ የእኔ ሆነ።

ሞተሩ እንደዚያ ሲያስል አንድ ቀን ነገሩ አንጀቴን በላኝ። እናቴ ጉንፋን ሲይዘኝ ዳማ ከሴ አሽታ አፍንጫዬ ላይ ታደርግልኛለች፣ ግንባሬንም ትቀባኛለች። ስለዚህ ከደጃችን አንድ እፍኝ ቀጥፌ በኪሴ ይዤ ሄድኩና፣ ጋሽ ዳንጊሶ ናፍጣ ሲያጣሩ፣ ቅጠሉን በመዳፌ አሽቼ የሞተሩን ፊት መቀባት ጀመርኩ። ፊቱ ነው ያልኩት ራዲያተሩን ነው። ዘወር ሲሉ አዩኝ። ይቆጡኛል ብዬ ደርቄ ቀረሁ። ቀረብ አሉና ከእጄ አንድ ቅጠል ወሰዱ፣ አሸተቱት፣ ጆሯቸው ላይ ሰኩት። ሌላውን ደግሞ አየር መሳቢያው አጠገብ ሽቦ ላይ አሰሩለት። "ጎሽ" አሉ። "ይሄን ማንም አድርጎላት አያውቅም።" ያን ቀን በመጀመሪያው ነው የተነሳው። ለእናቴ መድኃኒቱን ያገኘሁት እኔ ነኝ ብዬ ሳምንት ሙሉ ጎርሬባታለሁ።

ሌላም ያገኘሁ የመሰለኝ ነገር ነበር። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ ጋሽ ዳንጊሶ "አሁን ወደ እናትሽ ሂጂ" ይሉኛል። የእንቁላል ቤቱና የሞተሩ ቤት የሚጋሩት አንድ ግድግዳ አለ። ሙቀት ስለነበረው ጀርባዬን ለጥፌ እቀመጥበታለሁ። አንድ ጠዋት ጆሮዬን ሳስጠጋው ከጩኸቱ ሥር ሌላ ድምፅ አለ፤ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ ይመለሳል።

"እማዬ፣ ሞተሩ ይዘምራል" አልኩ።

እናቴ እንቁላል እያገላበጠች ነበር። "ሞተር አይዘምርም።"

"ይዘምራል! መጀመሪያ ያስላል፣ ሲሞቀው ደግሞ ይዘምራል። ከአንድ በላይ ድምፅ ነው ያለው።"

እጇ እንቁላል ላይ እንዳለ ቆመ። "ለማን ነገርሽ?"

"ለማንም።"

ቁጢጥ ብላ አገጬን ያዘች። "ለማንም አትናገሪም። ለሥራ አስኪያጁ፣ ለጥበቃው፣ ለጓደኛሽ፣ ለማንም። ገባሽ?" እናቴ እንዲያ ስትንሾካሾክ ሰምቻት አላውቅም ነበር። ስትቆጣ ጎረቤት የሚሰማት ሴት ናት።

ማታ ወደ ቤት ስንመለስ ነገረችኝ። የጋሽ ዳንጊሶን የጸሎት ቤት መንግሥት አሽጎታል። ቤት ውስጥ ተሰብስቦ መዘመር ደግሞ ያሳስራል፤ ጎረቤት ይሰማል፣ ለቀበሌ ይነግራል። ጋሽ ዳንጊሶ አንድ ጊዜ ታስረው፣ ሁለተኛ እንዳትገኝ ተብለው ነው የተለቀቁት። ስለዚህ እሳቸውና አማረች የምትባለው እንቁላል መራጭ፣ ሌሎች ጥቂት ሠራተኞችም፣ ሥራ አስኪያጁ ሳይገባ በፊት ሞተሩ ቤት ገብተው ይዘምራሉ። ሞተሩ እየጮኸ ማንም አይሰማቸውም።

"ሞተሩ ቢቆምስ?" አልኩ።

"ከቆመማ ግቢው ሁሉ ይሰማል።" ትንሽ ሄድን። "የእኛ ሃይማኖት አይደለም" አለች፣ እንደጠየቅኋት ሁሉ። "ጾም የላቸው፣ ታቦት የላቸው። ምን እንደሚያስለቅሳቸውም አላውቅም።" እናቴ የሸዋ ሴት ናት፤ ከእነሱ ጋር በአንድ ሰሃን ምሳ ትበላለች፣ ሲጸልዩ ግን ፊቷን ታዞራለች። ከዚያ ጋቢውን በእኔ ላይ አጠበቀችና "ደግሞ ሌላ ቦታ አጡ! ናፍጣ እየጠጡ!" ብላ ብቻዋን አጉረመረመች።

ከዚያ ቀን በኋላ ከሰሉን እንደ ጨዋታ አላራገብኩም። ሞተሩ ከቆመ ጋሽ ዳንጊሶ ይታሰራሉ፤ ለእኔ ነገሩ ይኸው ነበር። ማታ ዝናብ ቆርቆሯችንን ሲመታ በርሜሉ ውስጥ የሚገባው ውሃ ይታየኝና እንቅልፍ እምቢ ይለኛል። ጋሽ ዳንጊሶም ያወቅሁ መሆኔን አወቁ መሰል፣ ከዚያ ወዲያ "ወደ እናትሽ ሂጂ" አላሉኝም። በሩ ላይ፣ ምድጃዬ አጠገብ እቀመጣለሁ።

አዘማመራቸው እንዲህ ነበር። ሌሎቹ በግድግዳው ዙሪያ ይቆማሉ፤ አንዷ መጥረጊያ፣ አንዱ ባልዲ አጠገቡ ያስቀምጣል፣ ሰው ቢመጣ ለሥራ የገባ እንዲመስል። ጋሽ ዳንጊሶ መሐል ላይ ቆመው ግራ መዳፋቸውን የሞተሩ ጎን ላይ ያሳርፋሉ። ያ እጅ ከዚያ አይነሳም፣ መዝሙሩ እስኪያልቅ። ሞተሩ ሊሰናከል ሲል ከጆሮ በፊት በመዳፋቸው ይታወቃቸዋል። ያኔ ቀኝ እጃቸውን ወደ ላይ ያነሳሉ፤ ድምፅ ሁሉ ባንድ ጊዜ ይቆረጣል፤ መጥረጊያው መጥረግ ይጀምራል። ሞተሩ ትንፋሹን ሲያስተካክል እጃቸውን ያወርዳሉ፤ ካቆሙበት ቃል ይቀጥላሉ። የሚዘምሩት በሲዳምኛ ስለነበር ቃሉን አላውቀውም። ዜማውን ግን አሁንም ላንጎራጉረው እችላለሁ።

ነሐሴ ገብቶ ፍልሰታ ተጀመረ። እናቴ እየጾመች ቀኑን ሙሉ እንቁላል ስትዳስስ መዋሏን እንደ ፈተና ትቆጥረው ነበር። በዚያ ሰሞን አንድ ዙር እንቁላል ለመፈልፈል ደረሰና ግቢው ተሸበረ፤ ከበላይ አካል እንግዶች መጥተው ጫጩቶቹን ሊያዩ ነው ተባለ። እናቴ አንዱን እንቁላል ጆሮዬ ላይ አድርጋ አሰማችኝ። ከውስጥ "ጭው፣ ጭው" ይላል። ገና ሳይወጣ መናገሩ ገረመኝ።

የዚያኑ ቀን ማታ የአማረችን ልጅ ለውትድርና ወሰዱት። ከመንገድ ላይ ነው ያፈሱት። አማረች በማግስቱ ሥራ ገባች፤ ምን ታድርግ? ዓይኗ አብጧል፣ ትከሻዋ ላይ ምንም የለም፣ ብርዱ አልተሰማትም። እናቴ አየቻት። የእኛም ሰው ሰሜን ነበር። ነጠላዋን አውልቃ አማረች ትከሻ ላይ ጣለችና ወደ እንቁላሎቿ ገባች።

ያ ጠዋት ከክረምቱ ሁሉ የከፋው ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ዘንቧል፤ ጉሙ ደጃፉ ድረስ ገብቷል። ዘይቱን ሁለት ጊዜ አሞቅን፤ ናፍጣው ባርኔጣው ውስጥ ውሃ ትቶ ደጋግሞ ተጣራ። ጋሽ ዳንጊሶ "ነይ እስቲ፣ ዛሬ ደግሞ ለአማረች ስትይ" እያሉ ሞተሩን ለመኑት። ግር ግር ብሎ፣ ብዙ አስሎ፣ ተነሳ። እኔ ምናልባት ካስፈለገ ብዬ ሌላ ውሃ ምድጃው ላይ ጣድኩ።

መዘመር ጀመሩ። አማረች መጀመሪያ አልቻለችም፣ ከንፈሯ ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው። ከዚያ ድምፅ አወጣች፤ ሌሎቹም እሷን ለመደገፍ ከፍ አደረጉ። እንደዚያ ሲዘምሩ ሰምቼ አላውቅም። ሁሉም ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ጋሽ ዳንጊሶ ብቻ ገልጠዋል፤ መዳፋቸው ሞተሩ ላይ እንዳለ፣ ግንባራቸው ተኮማተረ። ቀኝ እጃቸውን አነሱ።

ማንም አላየም።

እጃቸውን ከፍ አደረጉት፣ አወዛወዙት። ዓይኖቹ ሁሉ እንደተጨፈኑ ናቸው። ሞተሩ አንዴ አስሎ፣ ደገመና ቆመ።

ከዚያ ሁሉ ጩኸት በኋላ ግቢው ባዶ ሆነ። በባዶው ግቢ ውስጥ መዝሙሩ ብቻውን ወጣ፣ አንድ ሙሉ ስንኝ። ከሁሉም የቆየው የአማረች ድምፅ ነበር። ዓይናቸውን ሲገልጡ ሁሉም አፋቸውን በእጃቸው ያዙ፣ ግን ድምፅ አንዴ ከወጣ ወዴት ይመለሳል? እኔ በሩ ላይ ስለነበርኩ ወደ ውጭ አየሁ። በዚያ ሰዓት የማይመጣው ሥራ አስኪያጅ እንግዶቹን ብሎ በማለዳ መጥቷል፤ ጃንጥላ ይዞ ግቢው መሐል ቆሟል።

"ማነው እሱ የሚዘምረው?" አለ ጮክ ብሎ።

ጋሽ ዳንጊሶን አየኋቸው። እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ፣ ጣት በጣት። ከዚያ የኮታቸውን ቁልፎች ከላይ እስከ ታች ቆለፉ። አባቴ ሊሄድ ሲል ነው እንደዚያ ሲቆልፍ ያየሁት። ልጮህ ፈለግሁ፣ ምን ብዬ እንደምጮህ ግን አላወቅሁም።

ያኔ ከእንቁላል ቤቱ በኩል ያው ዜማ ተነሳ። እናቴ ናት። የእንቁላል ሰሃን በሁለት እጇ ይዛ፣ ያለ ነጠላ፣ ራሷን ከፍ አድርጋ ወጣች። ያን ዜማ ክረምቱን ሙሉ በግድግዳው በኩል ሰምታዋለች፣ ቃሉን ግን አታውቅም። ስለዚህ ያላትን ቃል ሰጠችው።

"እሹሩሩ፣ እሹሩሩ ጫጩቴ፤ ብርዱ አለፈ፣ ውጪ ወደ ቤቴ..."

እናቴ የዘፈን ድምፅ የላትም። ይህን የምለው ከልቤ እየወደድኳት ነው። ሥራ አስኪያጁ ወደ እሷ ዞረ።

"ምንድን ነው ይሄ፣ ጓድ?"

"ለጫጩቶቹ ነው፣ ጓድ።"

"ለጫጩት ይዘፈናል እንዴ?"

"ጓድ፣ ዶሮ እንቁላሏን ታቅፋ ዝም ስትል አይተው ያውቃሉ?" አለች እናቴ። "ከውስጥ ይጠሯታል፣ እሷም ትመልሳለች። እነዚህ ደግሞ እናት የላቸውም። ሞተሩ ሲቆም ፈሩ፤ ዝም ካልናቸው ቅርፊቱን አይሰብሩም። ሁላችንም የምናባብላቸው ለዚህ ነው። እንግዶቹ መጥተው እንቁላል ብቻ ይዩ?"

ሥራ አስኪያጁ እናቴን አያት፣ የቆርቆሮውን ቤት አየ፣ ሰዓቱን አየ። ያመነ ይሁን ወይም ማመን የተሻለ መስሎት ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። "ታዲያ ምን ያስቆማችኋል?" አለ። "ቀጥሉ እንጂ! ሁላችሁም! ጓድ ዳንጊሶ፣ ሞተሩ ምን ሆነ?"

"ናፍጣው ውሃ ገባበት፣ ጓድ። አስነሳዋለሁ።"

"ቶሎ በል" ብሎ ጃንጥላውን አጥፎ ወደ እንቁላል ቤቱ ገባና የማሽኑ መስታወት ላይ አጎነበሰ።

ዘማሪዎቹ አንድ በአንድ ወጡ። እናቴ ጎን ተሰለፉ፣ በካፊያው ውስጥ። እናቴ "እሹሩሩ" ትላለች፤ እነሱ ከእሷ ሥር ሆነው የራሳቸውን ቃል በሲዳምኛ ይሏታል፣ መጀመሪያ በፍርሃት፣ ከዚያ በሙሉ ድምፅ። አማረች በእናቴ ነጠላ እንደተጠቀለለች እያለቀሰች ትዘምራለች፤ እናቴም ፊቷን ሳታዞር አብራት ትዘምራለች።

ጋሽ ዳንጊሶ የናፍጣውን ቧንቧ ፈቱ፣ ውሃውን መሬት ላይ አፈሰሱ፣ ቧንቧውን መልሰው አሰሩ። የቀረው ሙቅ ውሃ ብቻ ነበር። ምድጃዬ ላይ ባልዲው ይንተከተካል።

"ጋሼ፣ ውሃው ፈልቷል" አልኳቸው።

እሳቸው ግን የናፍጣ ጀሪካኑን ገልብጠው በሩ ላይ፣ አጠገቤ ተቀመጡ። የእንቁላሉ ማሽን ሙቀቱን ለጥቂት ጊዜ ይይዛል። ፊታቸውን ወደ መዝሙሩ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ይቆይ ልጄ" አሉኝ። "ትንሽ ይቆይ።"